ጥቁሩን አጥፋልኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ሰው «እርሺው በቃ፣ አንድ ፊልም ነው» ሲለኝ ጭራሽ ይብስብኛል። የምጽፈውም ንዴቴ እንዲበርድልኝ ብዬ አይደለም። እኔ ያልኩትን ቃል ሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ እንዳይደግመው ብዬ ነው።

የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። እናቴም ከእኔ ጋር ናት። አባቴ አናጺ ነበር፤ ነገሩ በደረሰብኝ ጊዜ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናቴ ከዓመት በላይ ከል ለብሳ ከቆየች በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው፣ ለምነውና ጸልየው አስወልቀዋታል። ከሏን ያወለቀች ዕለት አጥባ፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ሁለተኛ ጥቁር ነገር ዓይኔ ላይ እንዳታመጡብኝ» አለችን።

በዚያው ክረምት ጓሮ ውስጥ አንሸራቷት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ አልጋ ላይ ቀረች። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ተቀምጣ ማየት አልቻለችም፤ ዓይኗም ሞራ ስለጀመረው ከሩቅ አይታያትም። ስለዚህ አንድ ያገለገለ ታብሌት ገዛሁላት። እንደ ስልክ ጠበብና ረዘም ያለ አይደለም፤ ካሬ ለመሆን ትንሽ የቀረው ነው። ደረቷ ላይ በትራስ አቁመንላት መዝሙር ታይበት ጀመር።

አንድ ቀን ታዲያ «የምሕረትን ሠርግ አሳዪኝ» አለችኝ።

ምሕረት ታናሽ እህቴ ናት። በዴሳ ወደምትባል ከተማ ከተዳረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እናቴ ፊልሙን የፈለገችው ለምሕረት ብላ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አባቴን ልታይ ነው።

አባቴ ከካሜራ የሚሸሽ ሰው ነበር። ፎቶ ሊነሣ ሲባል ወይ ሚስማር ጎደለ ይላል፣ ወይ በር ላይ ሰው ጠራኝ ይላል። የመታወቂያ ፎቶውን ብታዩት ፖሊስ ይዞት ያነሣው ነው የሚመስለው። ሲስቅ፣ ሲናገር፣ ሲንቀሳቀስ የተቀረጸበት ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ የምሕረት ሠርግ። እዚያም ላይ ቢሆን የሚታየው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዳስ ውስጥ እንግዳው ሲመገብ።

ቀራጩ ካሜራውን በሦስት እግር አቁሞ ከእንግዶቹ ፊት ለፊት ተክሎት ነበር። መሃል ላይ ከበዴሳ የመጡት የሙሽራው ወገኖች ተደርድረዋል። አባቴ በግራ በኩል፣ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር አጠገብ ነው የተቀመጠው። በእኛ ወግ እንግዳ ባለበት የቤቱ ጌታ መሃል አይቀመጥም። ምን ጎደለ፣ ማን አልበላም እያለ በየደቂቃው ስለሚነሣ ዳር ይይዛል። የሚበላውም ሁሉ በልቶ ሲያበቃ ነው። አባቴ እዚያ ዳር ላይ ሆኖ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ሰው ያጫውታል፣ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል። ያንን ሳቅ የያዘ ሌላ ምንም ነገር የለንም።

የሠርጉ ፊልም ያለበት ሲዲ ከቆየ በኋላ ተሰንጥቋል። ደግነቱ ከመሰንጠቁ በፊት ሚሞሪ ላይ አስገልብጬው ነበር። ሚሞሪውን ታብሌቱ ላይ ሰክቼ ከፈትኩላት።

ገና ሙሽራዋ ስትለብስ እናቴ ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ ከላይና ከታች የታሰረው ጥቁር ምንድን ነው?»

አየሁት። እውነትም ሥዕሉ መሃል ላይ ተጋድሟል፤ ከላይ አንድ ሰፊ ጥቁር መስመር፣ ከታችም እንደዚያው። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። «ብልሽት ነው መሰለኝ እማዬ» አልኳት።

«የልጄ ሠርግ ከል አይለብስም» አለች። «እኔ የለበስኩት ይበቃል። ደግሞ ሰዉ አንሶብኛል፣ ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። አስተካክለሽ አምጪው።» ብላ ታብሌቱን በደረቷ ደፋችው። አባቴ ያለበት ቦታ እንኳን አልደረስንም ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ መናኸሪያው አቅራቢያ ወዳለ ፊልም የሚጭን ሱቅ ሄድኩ። ሱቁን የያዘው ወጣት ሰላምተኛ ነው፤ አስተማሪ መሆኔን ስለሚያውቅ «ቲቸር» ይለኛል። ታብሌቱንም ሚሞሪውንም ሰጠሁት።

«ጥቁሩን አጥፋልኝ» አልኩት። «ስክሪኑን ይሙላው። ሰዉም ከፍ ይበል።»

«በጣም ቀላል ናት ቲቸር! ሁሉም ሰው እንደሱ ነው የሚፈልገው። ነገ ይምጡ።»

እንዴት አድርጎ እንደሚያጠፋው አልጠየቅኩትም። ተማሪ «ገባኝ» ሲለኝ «እስቲ አስረዳኝ» የምል ሰው፣ እሱን አልጠየቅኩትም። በማግስቱ ሄጄ መጀመሪያውን አየሁ። የምሕረት ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ጥቁር የሚባል ነገር የለም። ደስ አለኝ። «እጅህ ይባረክ» ብዬ መረቅኩት። መቼም ያቺን ምርቃት ሳስባት ዛሬም ቆሽቴ ያራል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴን በትራስ ደግፌ ከፈትኩላት። ደስ አላት። «አሁን ሰው መሰሉ!» አለች። የዘመዶቻችንን ስም እየጠራች፣ የሞቱትን «ነፍስ ይማር» እያለች፣ የአንዷን ቀሚስ እየተቸች ዳሱ ላይ ደረስን።

እንግዶቹ ጥሬ ሥጋና የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ቀርቦላቸዋል። በድንገት የአባቴ ድምፅ መጣ። በወላይትኛ «ብሉ እንጂ! ምነው፣ ዳጣው አስፈራችሁ እንዴ?» ይላል። እንግዶቹ በሙሉ ወደ ግራ ዞረው ሳቁ። የሳቁለት ሰው ግን የለም። የሚያዩት ቦታ ላይ የታብሌቱ ጠርዝ ነው ያለው።

«ድምፁ ነው!» አለች እናቴ። «እሱስ የት አለ?»

«ይመጣል፣ ቆዪ» አልኳት።

አልመጣም። እጁ ብቻ መጣ። ከግራ በኩል አንድ እጅ ዳጣ የያዘ ሳህን ይዞ ገባ፤ መሃል ላይ ላሉት እንግዶች አስቀመጠና ተመልሶ ወጣ። ሌባ ጣቱ አጭር ነው፤ ጫፉን በወጣትነቱ መጋዝ ወስዶታል። ከዚያ ያ ሳቁ ተሰማ። ከዚያ ደግሞ «ውሃ የጎደለበት ማነው?» አለ። ሰውየው ቤቱ ውስጥ አለ፤ ይናገራል፣ ይስቃል፤ እኛ ግን አይታየንም።

እናቴ አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች። በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚያጮልቅ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። አልታይ ሲላት በጣቷ የታብሌቱን ጠርዝ ነካች።

«ወደዚህ ግፊው እስቲ። እዚያ ጋ ነው ያለው።»

ምን ልበላት? ታብሌቱን ወደ ቀኝ ገፋሁላት። እንደማይጠቅም እያወቅኩ ገፋሁላት። እሷም ካዘነበለችበት ሳትቀና ቆየች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ደረስኩ። ልጁ መጥቶ እንደከፈተ ታብሌቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። «አባቴን የት አደረስከው?» አልኩት። ደንግጦ አየኝ። ያንን ቦታ ከፍቼ እጁ ሲገባና ሲወጣ አሳየሁት።

«አይ ቲቸር፣ ጥቁሩ እንዲጠፋ ነው፣ ሥዕሉን ሳሳድገው ግራና ቀኝ ትንሽ ይቆረጣል። ትንሽ ናት። ዳር ላይ እኮ ምንም የለም። ሰው የሚያየው መሃሉን ነው።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሰው አለ የለም ሳልል ጮህኩበት።

«አንተ የወላይታ ልጅ አይደለህም? በሠርግ ላይ አባት የት ነው የሚቀመጠው? ንገረኝ! የት ነው የሚቀመጠው?»

ስልክ ሊያሠሩ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቀስ ብለው «ዳር ነው እንጂ» አሉ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

«ዋናውን መልስልኝ» አልኩት።

«ዋናውን... አጥፍቼዋለሁ ቲቸር። ሚሞሪው ሞልቶ ነበር፤ አሮጌው ካልጠፋ አዲሱ አይገባም። ከኮምፒውተሬም ቅዳሜ ቅዳሜ አጸዳለሁ።»

ቅዳሜ። ከትናንት ወዲያ ማለት ነው። እኔ ዓርብ ስወስደው ከፍቼ እስከ መጨረሻው አይቼው ቢሆን ኖሮ አባቴ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ይህን ሳስብ ማንን እንደምመታ አላውቅም።

ይባስ ብሎ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ቲቸር፣ ጥቁሩን አጥፋልኝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። እውነቱን ነው። እውነቱን ስለሆነም ነው ከሁሉ በላይ ያናደደኝ። ማን አባቱ እውነት ተናገር አለው! «ቁረጥልኝ አላልኩህም!» ብዬ ወጣሁ። ውጪ ከወጣሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት። ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ግድም አልሰጠኝ።

ልጁ ሚሞሪውን ሦስት ቀን ይዞ የጠፋ ነገር የሚመልስ ፕሮግራም ሞከረበት። የወጣው የማላውቃቸው ሰዎች ፎቶና የዘፈን ቁርጥራጭ ነው። ከሠርጉ ቅንጣት አልተገኘም። ቀራጩንም አፈላለግኩት፤ ከተማውን ከለቀቀ ዘመን ሆኖታል፣ ስልኩም አይሠራም።

አንድ ተስፋ ቀረኝ። የምሕረት አማቾች ሲዲ አላቸው። ቅዳሜ በሚኒባስ በዴሳ ወረድኩ። የምሕረት አማት ጋሽ ጳውሎስ ሰውነታቸው ደከም ቢልም ደህና ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ከቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ሲዲ አውጥተው ለምሕረት ሰጧት፤ እሷም ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችው። ቴሌቪዥናቸው ሰፊ ነው፤ ሥዕሉ ሳይቆረጥ፣ ጥቁርም ሳይኖርበት ልክክ ብሎ ገባ።

የነበረው የእነሱ ቤት ድግስ ብቻ ነበር። ቀራጩ ለሙሽራዋ ቤት የሙሽራዋን፣ ለሙሽራው ቤት የሙሽራውን ነው የሰጠው። የሙሽራዋ አባት ደግሞ በዚያ ቀን ልጁን ተከትሎ ሙሽራው ቤት አይሄድም፤ ወግ አይደለም። ይህንን ከቤቴ ስነሣም አውቀዋለሁ። አውቄም መጣሁ፤ ምናልባት አንድ ጊዜ ወግ አፍርሶ ይሆናል ብዬ። አባቴ ወግ የሚያፈርስ ሰው እንዳልሆነ እያወቅኩ!

እና እዚያ ፊልም ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከአግዳሚው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ማን ተቀምጧል? ጋሽ ጳውሎስ። በሙሉ አካላቸው። ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ። እኔ ከጎናቸው ሶፋ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ እሳቸው በሕይወት አሉ፣ ፊልሙም ላይ አሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ቀናሁባቸው። ጠላኋቸው ማለት ይቻላል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ እንባዬን አይተው።

«ዳር ላይ ስለተቀመጡ ነው አባባ» አልኳቸው። አልገባቸውም። ምሕረት ግን ገባትና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆይታ ነው የወጣችው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በሳምንቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ይህንን ሳወራ የኮምፒውተር መምህራችን ሰማኝ። «ለምን እዚያው ታብሌቱ ላይ ሁለቴ መታ አላደረግሽውም?» አለኝ። አልገባኝም። ታብሌቴን ተቀብሎ አንድ ሌላ ፊልም ከፈተ። ያ ጥቁር ከላይና ከታች መጣ። ስክሪኑን በጣቱ ሁለቴ መታ መታ አደረገው፤ ሥዕሉ አደገና ሞላ። እንደገና ሁለቴ መታ አደረገው፤ ዳሩም ጥቁሩም ተመለሰ። ምንም ሳይቆረጥ! ምንም ሳይጠፋ!

«ጥቁሩ እኮ ብልሽት አይደለም» አለኝ። «ፊልሙ ሰፊ ነው፣ የአንቺ ታብሌት ካሬ ነው። ሰፊውን ሳይቆርጥ ሙሉውን ላሳይሽ ሲል የተረፈውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ጥቁር ካየሽ ፊልምሽ ሙሉ ነው ማለት ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ሰውየው ክፉ አላደረገም፤ ሊያስተምረኝ ነው። እኔ ግን ታብሌቱን ነጥቄው ወጣሁ። በሁለት ጣት ምት አባቴን ማትረፍ እችል ነበር። ታብሌቱን የሸጠልኝ ሰው አልነገረኝም። የሱቁ ልጅ ይህንን ሳያውቅ አይቀርም፤ ቢያውቅ አልነገረኝም፣ ባያውቅ ደግሞ ለምን ሱቅ ከፈተ? እኔስ ብሆን ሃያ ዓመት አስተምሬ አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንዴት አቃተኝ?

አሁን እናቴ በምርኩዝ መሄድ ጀምራለች። ያንን የተቆረጠ ፊልም በየቀኑ ታየዋለች። ማቆሚያውን አስተምሬያታለሁ። ያ እጅ ሳህኑን ይዞ ሲገባ ታቆመውና ፊቷን አስጠግታ ትቆያለች። አንድ ቀን ልጁን ስረግም ሰማችኝ።

«ተይው፣ የሰው ልጅ አትርገሚ» አለችኝ። «እኔን አርባ ዓመት ያበላኝ ይሄው እጁ ነው። ይበቃኛል።»

ለእሷ ይበቃት ይሆናል። ለእኔ አይበቃኝም። ሳቁን ፊቱ ላይ ነው ማየት የምፈልገው። እንዲያውም እንደዚያ ስትለኝ ባሰብኝ፤ ምክንያቱም እሷ በእጁ እንድትብቃቃ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤታችን የልጇን ምርቃት ፊልም ልታስጭን እዚያ ሱቅ ሄዳ ነበር። «ስክሪኑን ይሙላልኝ» ስትለው ልጁ ምን እንዳላት ነገረችኝ። መጀመሪያ ፊልሙን ከፍቶ አሳይቷት፣ በጣቱ ግራና ቀኙን እያመለከተ «እዚህ ዳር ላይ ማን አለ? በደንብ ይዩ» ብሎ ጠየቃት አለችኝ። እሷ እንደ ቀልድ ነው ያወራችልኝ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በር ዘጋሁ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ብቻ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ! በሱቁ በኩል ሳልፍ ዛሬም «ቲቸር» ይለኛል። ዛሬም አልመልስለትም። ትክክል አይደለሁም፣ አውቃለሁ፤ ግን ገና አልቻልኩም።

እናቴ ይበቃኛል ብትልም፣ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ አሁንም አንገቷን ወደ ግራ ታዘነብላለች። እጁ ይገባል፣ ሳህኑን ያስቀምጣል፣ ይወጣል። እንግዶቹ ወደ እሱ ዞረው ይስቃሉ። መጀመሪያ ላይ «እማዬ፣ አይታይም እኮ» እላት ነበር። አሁን አልላትም። ከጎኗ እቀመጥና እኔም አብሬያት አዘነብላለሁ።